የቦረና አፈር በሜዲትራኒያን ወለል

ሐምሌ አጋማሽ ላይ በደቡብ ወሎ ቦረና ካለችው ከተማ ከመካነ ሰላም ወደ ምዕራብ ወጥቶ የዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጉም ነው። ነፋስ ጉሙን ገለጥ ሲያደርገው ማዶ የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ከዚህኛው ጋር እኩል ከፍታ ላይ ተንጣሎ ይታያል። በሁለቱ መካከል የነበረው መሬት ግን የለም። ከተማዋ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ወንዙ ከእርሷ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በገደሉ ሥር ይፈስሳል።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ከየማሳው፣ ከየእግር መንገዱና ከየከብቱ ዱካ ውሃ ይነሳል። ከዋልካ መሬት የመጣው ጥቁር ነው፤ ከቀይ አፈር የመጣው እንደ ጡብ ቀልቷል። ሁለቱ በአንድ ፈፋ ከተገናኙ በኋላ መለየት አይቻልም። የቦረና ጎርፍ አንዱ ወደ ወለቃ ወንዝ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ዓባይ ገደል ይወርዳል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ የሳይንት፣ የመቅደላና የተንታ ውሃ በበሽሎ ወንዝ ዞሮ እዚያው ዓባይ ይገባል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ማሳውን ሊያይ የወጣ ገበሬ የሚያገኘው አዲስ የተከፈተ ቦይና ሥሩ የተገለጠ ቡቃያ ነው።

ይህ አፈር ላለፉት ብዙ ሺህ ዓመታት የት ሲደርስ እንደኖረ፣ መቼ እንደበዛና መቼ እንደቀነሰ ዛሬ በቁጥር ይታወቃል። ቁጥሩ የተገኘው ግን ከዚህ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻና ወለል ከተነሳ ጭቃ ነው። ያናገሩትም በጭቃው ውስጥ ተቀብረው የኖሩ ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፖችና የእነርሱ ውላጆች ናቸው።

ነገሩን ከድንጋዩ እንጀምር፤ አፈሩ የመጣው ከድንጋይ ነውና። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የቆመው አንዱ በሌላው ላይ ደራርቦ በተኛ የእሳተ ገሞራ ባዛልት ላይ ነው። ባዛልት ውስጥ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየም ውስጥ ጥቂቱ ፖታሲየም-40 የሚባለው ራዲዮአክቲቭ ዓይነት ነው፤ እርሱም እጅግ በዝግታ፣ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት እየወሰደ፣ ከፊሉ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል። ድንጋዩ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል። ከረጋ በኋላ ግን ማምለጫ ስለሌለው እየተጠራቀመ ይሄዳል፤ የተጠራቀመውን የለካ ሰው ድንጋዩ የረጋበትን ዘመን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ከሊማሊሞ፣ እንዲሁም ከበሽሎ ማዶ ካለችው የደላንታ ከተማ ከወገል ጤና የተወሰዱ ድንጋዮችን በዚህ መንገድ መርምሮ፣ ያ ሁሉ ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ አሳይቷል። ደላንታ፣ ቦረና፣ ሳይንትና ለጋምቦ የሚታረሱት በዚያ ድንጋይ ብስባሽ ላይ ነው።

ባዛልቱ ራሱ የተኛው ከእርሱ በፊት በነበረ ዓለም ላይ ነው። ዓባይን ተከትሎ ወደ ታች የወረደና በደጀንና በጎሃ ጽዮን መካከል ያለውን ቁልቁለት ያየ ሰው ከጥቁሩ ባዛልት ሥር አሸዋ ድንጋይ፣ ከእርሱም ሥር ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ በንብርብር ተደርድሮ ያገኛል። ያ የኖራ ድንጋይ ዳይኖሶሮች በነበሩበት ዘመን አካባቢውን ሸፍኖት ከነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ደለል ነው፤ የባሕር እንስሳት ቅሪት ዛሬም በውስጡ ይገኛል። ስለዚህ ስለ ባሕር ወለል ማውራት ለወሎና ለጎጃም ሰው የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። አንዱ የባሕር ወለል ከሸለቆው ግድግዳ ላይ ተገልጦ ይታያል፤ ሌላው ደግሞ በእኛው አፈር ሲሠራ ኖሯል።

ምን ያህል አፈርና ድንጋይ እንደሄደ ለመገመት ሁለት ሙከራዎችን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1975 ማክዱጋል፣ ሞርተንና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች የዓባይን ሸለቆ ባዛልት በፖታሲየምና በአርጎን ዘዴ ለክተው ዘመኑን አወቁ። ከዚያም ከዓባይና ከተከዜ ተፋሰስ ተሸርሽሮ የሄደውን መጠን አስልተው፣ ከዓባይ አፍ ፊት ለፊት በሜዲትራኒያን ወለል ላይ ከተከመረው ግዙፍ የደለል ቁልል ጋር አስተያዩት። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ጋኒ፣ ጋኒና አብደልሰላም የተባሉ ተመራማሪዎች ባለፉት 29 ሚሊዮን ዓመታት ከሰሜን ምዕራብ የኢትዮጵያ ደጋ ቢያንስ 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ድንጋይ እንደታጠበ አሰሉ። አሠራሩም ቀላል ነው፦ በአፋፎቹ ላይ የቀረውን መሬት በሐሳብ ከዳር እስከ ዳር አገናኝተው የጎደለውን ቦታ ሞሉት። የመካነ ሰላምን አፋፍና የጎጃምን አፋፍ በዓይኑ ያገናኘ ሰው ያንኑ ስሌት በግምት ሠርቷል።

ግድብ ከመሠራቱ በፊት የአፈሩ ጉዞ እንዲህ ነበር። ነጭ ዓባይ የተሸከመውን አብዛኛውን ደለል በደቡብ ሱዳን ረግረግ ውስጥ አራግፎ ቀለል ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ግብፅ ከሚደርሰው ደለል ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የእኛ የዓባይና የተከዜ አፈር ነበር። ግብፆች በየዓመቱ ይጠብቁት የነበረው ጥቁር ጎርፍ ከባዛልት ደጋችን የታጠበው ነበር። ከፊሉ ማሳቸው ላይ ይቀር፣ ከፊሉ ዴልታውን ያሰፋ፣ የቀረው ባሕር ይገባ ነበር። ባሕር ውስጥም ሞገዱና የውሃው ጅረት እየገፋ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጥልቁም ያወርደው ነበር። እዚያ የሚያነሳው ጎርፍ የለም፤ የደረሰው ሁሉ በመጣበት ቅደም ተከተል እየተደራረበ ይተኛል።

ይህን ንብርብር የሚያነሱት በመርከብ ወይም በዳርቻው በሚተከል መቆፈሪያ ነው። ከባድ ሸክም የታሰረበት ረጅም ቱቦ በገመድ ይወርድና በራሱ ክብደት ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ሲነሳ ውስጡ የጭቃ ዘንግ አለ፤ ከላይ የቅርቡ፣ ከታች የጥንቱ። ዘንጉ ቁመቱን ይዞ ለሁለት ይሰነጠቃል። ከዚያ በጥንቃቄ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር እየሆነ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በትንንሽ ዕቃ ታሽጎ ከወፍራም የእርሳስ ግድግዳ ጀርባ ካለ የጀርማኒየም ጨረር መለኪያ አጠገብ ይቀመጣል። መለኪያው ለሰዓታት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ቀን በላይ ከጭቃው የሚወጣውን ደካማ ጨረር እየቆጠረ ይቆያል። ጨረሩ ከማንኛውም ተራ አፈር የሚወጣ ነው፤ በቦረና ማሳም አለ።

ከቆጠራው የሚፈለገው አንዱ እርሳስ-210 ነው። መነሻው በየድንጋዩ ውስጥ በጥቂቱ ያለው ዩራኒየም ነው። ዩራኒየም ተራ በተራ ወደ ሌሎች ንጥረ ነገሮች እየተለወጠ ሲሄድ በመንገዱ ሬዶን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ጋዙ ከአፈር ወጥቶ አየር ውስጥ ይበተናል፤ በቀናት ውስጥም ተለውጦ መጨረሻ ላይ እርሳስ-210 ይሆንና በዝናብና በአቧራ ተመልሶ መሬትም ባሕርም ላይ ይወርዳል። በባሕሩ ወለል ላይ ያለው የላይኛው ጭቃ ይህን ዘወትር ይቀበላል። አዲስ ደለል ሲያለብሰው ግን ከላይ የሚመጣለት ይቋረጣል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ እህል መግባት ያቆመበት ጎተራ ነው፤ ነቀዙ በየ22 ዓመቱ ግማሽ ግማሹን ይበላል። በአንዱ ንብርብር ውስጥ የቀረው ከላይኛው ግማሽ ከሆነ ንብርብሩ የተቀበረው ከ22 ዓመት በፊት ነው፤ ሩብ ከሆነ ከ44 ዓመት በፊት። በዚህ መንገድ ወደ ኋላ አንድ መቶ፣ ቢበዛ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ድረስ መቁጠር ይቻላል።

ሁለተኛው ሲዚየም-137 ነው። ይህ በተፈጥሮ አልነበረም። ኃያላን መንግሥታት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአየር ላይ ያፈነዷቸው የኑክሌር ቦምቦች በትነውት ከዝናብ ጋር በመላው ምድር ወርዷል። መጠኑ ከፍተኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ በዚያው ዓመት በአየር ላይ መሞከርን የሚከለክል ስምምነት ተፈረመና ቀነሰ። ስለዚህ የጭቃው ዘንግ ውስጥ ሲዚየም ድንገት ከፍ ብሎ የሚታይበት ሴንቲ ሜትር 1963ን ያመለክታል። በሜዲትራኒያን አካባቢ ሁለተኛ ምልክትም አለ፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1986 የፈነዳው የቼርኖቤል ማመንጫ የተወው ነው። እርሳስ-210 የሚሰጠው ዘመን ልክ መሆኑ የሚረጋገጠው በእነዚህ ምልክቶች ነው። ቤኒንገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት በዓባይ ዴልታ በሚገኘው በማንዛላ ሐይቅ የቅርብ ጊዜውን የደለል ክምችት የለኩት እንዲህ ባሉ ራዲዮአክቲቭ ምልክቶች ነው።

ለጥንቱ ዘመን ግማሽ ዕድሜው 5,730 ዓመት የሆነው ካርቦን-14 አለ፤ በጭቃው ውስጥ በተቀበረ ዛጎልና የተክል ብጥስጣሽ ይለካል፣ ወደ ኋላም ሃምሳ ሺህ ዓመት ገደማ ይሄዳል። ከዚያ ለራቀው ደግሞ በባሕሩ ውሃ ውስጥ ከዩራኒየም ተወልዶ ወደ ወለሉ የሚዘቅጠው ቶሪየም-230 ይረዳል፤ የእርሱ ግማሽ ዕድሜ ወደ 75,000 ዓመት ነው። ሰዓቶቹ የሚናገሩት ዝግታ ያስደንቃል። በምሥራቃዊው ሜዲትራኒያን ጥልቅ ክፍል አንድ ሺህ ዓመት የሚያስቀምጠው ጭቃ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከየብስ በራቁት የውቅያኖስ ጥልቆች ደግሞ አንድ ሚሊ ሜትር ለመሙላት አንድ ሺህ ዓመት የሚፈጅባቸው አሉ።

ዘመኑን ማወቅ ግን ግማሽ መንገድ ነው። ጭቃው የማን እንደሆነ ማወቅ ይቀራል፤ ከሰሃራ የሚነፍስ አቧራም፣ የነጭ ዓባይ ደለልም፣ የእኛም አፈር አንድ ላይ ተደባልቀዋልና። እዚህ ላይ የሚመጣው ስትሮንቲየም ነው። ሩቢዲየም-87 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ወደ 49 ቢሊዮን ዓመት በሚሆን ግማሽ ዕድሜ ወደ ስትሮንቲየም-87 ይለወጣል። ሩቢዲየም የበዛበትና ዕድሜው የረዘመ ድንጋይ ይህን ስትሮንቲየም ብዙ አጠራቅሟል፤ በቅርብ ከምድር ውስጥ የፈሰሰው የወሎና የጎጃም ባዛልት ግን ጥቂት። ስትሮንቲየም-87 ለስትሮንቲየም-86 ያለው ንጽጽር በዓባይ ደለል ወደ 0.705 የቀረበ ሲሆን፣ በነጭ ዓባይ ደለልና በሰሃራ አቧራ ከ0.71 በላይ ነው። ልዩነቱ በሦስተኛው አኃዝ ላይ ያለ ኢምንት ይመስላል፤ ለመለኪያው መሣሪያ ግን ሰፊ ነው። የባዛልቱ ደጋ ጭቃ ከእነዚህ ጋር ቢደባለቅም ድርሻው ከዚህ ንጽጽር ይታወቃል።

ክሮምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ጥናት በዚህ ዘዴ ከማንዛላ አካባቢ የተነሳ የደለል ዘንግ መርምሮ ያለፉትን 7,000 ዓመታት አነበበ። ያገኙትን ስሰማ ካልጠበቅሁት አቅጣጫ ነው የመጣብኝ። በኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ በበዛባቸው ዘመናት የሚወርደው አፈር አነሰ፤ ዝናብ በቀነሰባቸው ዘመናት በዛ። ምክንያቱ ዕፅዋት ነው። ዝናቡ ረጅምና የተከፋፈለ ሲሆን ደጋው በዛፍና በሣር ይሸፈናል፣ ውሃውም ጠርቶ ይወርዳል። ዝናቡ ሲያጥር ሽፋኑ ይሳሳል፤ ያች አጭር ክረምት ታዲያ ባዶ መሬት ታገኛለች። ከ4,200 ዓመት ገደማ በፊት፣ የግብፅ ፒራሚድ ገንቢዎች መንግሥት በፈረሰበት ዘመን፣ በዴልታው ደለል ውስጥ የታየው የስትሮንቲየም ለውጥ የዓባይን ውሃ መክዳት ይመሰክራል። ጎርፍ የሚወስደውን አፈር የሚወስነው ከዝናቡ መጠን ይልቅ ዝናቡ ሲደርስ መሬቱ የለበሰው ነገር እንደሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ አላውቅም።

መሬቱ የለበሰውን መቼ እንዳወለቀ የሚናገረው ማስረጃ ደግሞ እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ አለ። ከደሴ በስተ ሰሜን ያሉት ሐይቅና ሐርዲቦ የተባሉ ሐይቆች የወንዝ መውጫ ስለሌላቸው ወይም ጥቂት ውሃ ብቻ ስለሚወጣቸው የገባውን ሁሉ ይዘው ኖረዋል። ዳርቢሻየር፣ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ከሐይቆቹ ደለል ውስጥ የአበባ ብናኝና ከሰል ለይቶ በካርቦን-14 ዘመኑን ቆጠረ። የዝግባና የጽድ ደኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ተመንጥሮ ክትክታና ሣር ተተካበት። ይህም ለ1,800 ዓመታት ያህል ቆየ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ጽዱ ከወይራ ጋር ተመልሶ በቀለ፤ በኋላም እንደገና ተመናመነ። ደኑ አንዴ ሄዶ የቀረ አይደለም፤ ተመልሶ ያውቃል። መሐመድ ዑመር በጣና ጥናትም ተሳትፈዋል። በዚያ ጥናት ከሐይቁ መካከል ከተነሳው ደለል ሥር የተገኘው ደረቅ መሬትና በላዩ የበቀለ የደንገል ረግረግ ነበር። ጣና ደርቆ ያውቃል፤ ሞልቶ እንደገና ወደ ዓባይ መፍሰስ የጀመረውም ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ነው። መሐመድ ዑመር እ.ኤ.አ. በ2011 ማረፋቸው ለአገራችን የደለል ምርምር ትልቅ ጉዳት ነበር።

ስለ ዛሬው የአፈር መሸርሸር ፍጥነት የምናውቀውን ከሁሉ ቀድሞ የሰጠን የማይባር ጣቢያ ነው። በደሴ አቅራቢያ በአልቡኮ ያለው ይህ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ለጀመሩት የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም የመጀመሪያው ነበር። ከማሳ የሚወርደው ውሃ በገንዳ እየተጠራቀመ፣ ጭቃው እየተመዘነ ተመዘገበ። ፕሮግራሙን የመሩት ሃንስ ሁርኒ ለኢትዮጵያ የእርሻ መሬት ያወጡት አማካይ ግምት በዓመት በሄክታር 42 ቶን ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ማለት ነው። ባሕሩ ወለል ላይ ለመቶ ዓመት ያህል የሚጠራቀመውን ውፍረት አንድ ማሳ በአንድ ክረምት ይለቅቃል።

ባሕሩ ግን የእኛን አፈር መቀበል አቁሟል። የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1964 ውሃ መያዝ ጀምሮ በ1970 ሲጠናቀቅ ደለሉ እዚያው ሐይቅ ውስጥ ቀረ፤ የዴልታው ዳርቻም በባሕር መበላቱ ባሰ። ከዚያ በላይ በሱዳን ያለው የሮዘሪስ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1966 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከመጀመሪያ የመያዝ አቅሙ ሲሦውን ያህል በደለል አጥቷል፤ ከፍታው የተጨመረውም በኋላ ነው። በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ በየዓመቱ ያልፍ የነበረው ደለል ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ነበር። አሁን ደግሞ ሐምሌ 2012 ዓ.ም መሙላት የጀመረውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብ ከሁሉም ቀድሞ ይቀበለዋል። 74 ቢሊዮን ኪዩቢክ ሜትር የሚይዘው ይህ ሐይቅ የቦረናና የሳይንት አፈር አዲስ ማረፊያ ሆኗል። ለመጀመሪያ ጊዜ የዓባይ ደለል ዋና መዝገብ ኢትዮጵያ ውስጥ እየተጻፈ ነው።

መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ማንበብ ከተፈለገ ሥራው አሁን ይጀመር እላለሁ። ከግድቡ ሐይቅ በየዓመቱ የጭቃ ዘንግ ማንሳት ይቻላል። ቤሪሊየም-7 የሚባል፣ በከባቢ አየር ውስጥ በኮስሚክ ጨረር የሚፈጠርና ግማሽ ዕድሜው 53 ቀን የሆነ አይሶቶፕ አለ፤ ከዝናብ ጋር ወርዶ በአፈሩ የላይኛው ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ይቀመጣል። ከአንድ ክረምት በኋላ በተነሳ ደለል ውስጥ ከተገኘ ደለሉ በዚያው ክረምት ከመሬት ፊት የተጠረገ መሆኑን ያመለክታል።

ለገበሬውና ለግብርና ባለሙያው ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ሲዚየም-137 ይመስለኛል። ሲዚየም ከሸክላ አፈር ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ከላይኛው አፈር አይወርድም፤ በታረሰ ማሳ ማረሻው እስከሚደርስበት ድረስ ብቻ ይገኛል። ከቦረቦር ግድግዳ የተናደ የጥልቁ አፈር ውስጥ ግን የለም፤ የ1963 ዝናብ አልነካውምና። ከአንድ ፈፋ መውጫ የተወሰደ ጭቃ ሲዚየም ካለው ማሳው እየታጠበ ነው፣ እርከኑ ይጠናከር፤ ከሌለው ቦረቦሩ እየሰፋ ነው፣ ገንዘቡና ጉልበቱ ወደ ቦረቦሩ ክትር ይሂድ። በየዓመቱ ጥር ላይ ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ እርከን ሲሠራ ጉልበቱ የቱ ላይ ቢውል እንደሚበጅ በአንድ ከረጢት ጭቃ መጠየቅ ይቻላል።

ለዚህ ንጽጽር ከዚያ ዘመን ወዲህ ያልታረሰና ያልተሸረሸረ መሬት ያስፈልጋል፤ የማሳው ሲዚየም ምን ያህል እንደጎደለ የሚታወቀው ከእርሱ አንጻር ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ እንዲህ ያለ መሬት አለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት የደንቆሮ ደን፣ የዛሬው የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፣ ሜዳማ ቦታዎቹ ለዚህ ሊመረመሩ ይገባል፤ ማረሻ ያልገባባቸው የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች ቅጥሮችም እንዲሁ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ናሙና ወሳጅ ተማሪዎቹ ከማሳው በእግር ርቀት ላይ ናቸው። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ድርጅቱ ሲመሠረት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ኤጀንሲውም ይህንኑ የአፈር መሸርሸር መለኪያ ለአባል አገሮች ያሠለጥናል።

ጊዜው ግን ይጠብባል። የሲዚየም-137 ግማሽ ዕድሜ 30 ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ከወረደው ዛሬ የቀረው ሩብ ያህል ነው። ከመጀመሪያውም በምድር ወገብ አካባቢ የወረደው ከሰሜኑ አገሮች ያነሰ ነበር። ሠላሳ ዓመት ብንቆይ ከዚህ ሩብ ግማሹ ይሄዳል፤ አንድ ናሙና ለመቁጠር የሚያስፈልገው ሰዓትም ያኔ በእጅጉ ይረዝማል። የዘንድሮው ክረምት ከመግባቱ በፊት ከየወረዳው ጥቂት ከረጢት አፈር ሰብስቦ፣ ቦታውን መዝግቦ፣ አድርቆ ማስቀመጥ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መለኪያው በኋላ ቢገኝ እንኳ የወደቀው ጨረር በስሌት ይመለሳል፤ በጎርፍ የሄደውን አፈር ግን እንደገና ናሙና መውሰድ አይቻልም።